ቀለሙ ያረፈበት ቦታ፦ የዱር ወፎችን በላባቸውና በምልክታቸው ስለ መለየት

የዱር ወፍን በላባው መለየት ማለት ወፉ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ማየት ብቻ አይደለም፤ ያ ቀለም በየትኛው የአካል ክፍል ላይ እንዳረፈ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ በየትኛው ወቅትና በየትኛው ዕድሜ እንደሚታይ አስተውሎ፣ ወፉ የየትኛው ዝርያ አባል እንደሆነ በማስረጃ መወሰን ነው። ዝርያ ሲባል እርስ በርሳቸው ተራክበው መሰላቸውን የሚተኩ፣ ከሌሎች ወገኖች ግን በተፈጥሮ ተለይተው የሚኖሩ እንስሳት ስብስብ ነው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ምድር ውጭ በየትም የማይገኙ አሉ። ይህን ያህል ሀብት ባለበት አገር አብዛኛው ሰው በየዕለቱ የሚያያቸውን ወፎች ርግብ፣ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ በሚሉ የወል ስሞች ጠቅልሎ ስለሚጠራ፣ በአንድ ስም ሥር የተደበቁት ልዩ ልዩ ዝርያዎች ሳይታወቁ ይኖራሉ፤ ቁጥራቸው ሲመነምንም የሚያስተውላቸው አይገኝም።

ላባን አይቶ የመለየት ችሎታ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በበዓል ዋዜማ ዶሮ ገበያ የወጣ ሰው ገብስማውን ከወሰራው በሩቁ ይለያል፤ ሻጩና ገዢውም ላባውን ጠቅሰው ይከራከራሉ። የዱር ወፍን ለመለየት የሚያስፈልገው ይኸው ዓይን ነው፤ የሚጨመርበት ሥርዓት ብቻ ነው። የሥርዓቱም መሠረት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል፦ ቀለም ብቻውን ያሳስታል፤ የሚመሰክረው ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ነው።

ላባ ቀለሙን ከየት ያገኛል?

ላባ እንደ ጥፍርና እንደ ቀንድ ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠራ ነው። አድጎ ካበቃ በኋላ ደም የማይደርሰው በድን አካል ስለሚሆን፣ ቀለሙን ከውስጥ መለወጥ አይችልም። ስለዚህ የወፍ መልክ የሚለወጠው አሮጌው ላባ ረግፎ አዲስ ሲበቅል፣ ወይም የላባው ጫፍ ሲያልቅና በፀሐይ ሲደበዝዝ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ነገር ላባውን ሲያቀልመው ነው። ይህን ማወቅ ለመለየት ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም አንድ ወፍ በዚህ ወር ከባለፈው ወር ለምን የተለየ መስሎ እንደታየ የሚያስረዳው ይኸው ነው።

የላባ ቀለም በዋናነት ከሁለት ምንጮች ይገኛል። የመጀመሪያው በላባው ውስጥ የሚከማች ማቅለሚያ ነው። ከማቅለሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ሜላኒን ጥቁር፣ ቡናማና ዳማ መልክ ይሰጣል፤ ከዚህም በላይ ላባውን ያጠነክረዋል። ፔሊካንንና ነጩን ሽመላ የመሰሉ ትልልቅ ነጭ ወፎች የበረራ ላባቸው ጥቁር የሆነው ሜላኒን ያለበት ላባ የነፋሱን ግርፋት ከነጭ ላባ ይልቅ ስለሚቋቋም ነው። ካሮቲኖይድ የሚባለው ማቅለሚያ ደግሞ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ መልክ ይሰጣል፤ ወፎች ከምግባቸው ስለሚያገኙት፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚታየው ፍላሚንጎ ሮዝ መልኩን የሚያገኘው ከሚመገበው ነገር ነው። ቱራኮ በሚባሉት የአፍሪካ የደን ወፎች ክንፍ ላይ የሚታየው ደማቅ ቀይ ግን ከእነዚህ ከሁለቱም አይደለም፤ ቱራሲን ከሚባል፣ መዳብ ካለበትና በእነዚህ ወፎች ብቻ ከሚገኝ ማቅለሚያ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የላባው ጥቃቅን አወቃቀር ነው። በአብዛኞቹ ወፎች ላይ የሚታየው ሰማያዊ መልክና እንደ ብረት የሚያብረቀርቀው አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሚፈጠረው ብርሃን በላባው ውስጥ ባሉት እጅግ ረቂቅ ንጣፎች ላይ ሲያርፍና ሲበተን ነው። በተለይ የሚያብረቀርቀው ቀለም ብርሃኑ ከመጣበት አቅጣጫ ጋር ይለዋወጣል። በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመውና ከ1814 ጀምሮ በሳይንስ የሚታወቀው፣ በደጋው አበቦች ላይ ቆልማማ ምንቃሩን እየሰደደ የሚቀስመው የተከዜ ጸሐይ ወፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ወንዱ በደመናማ ቀን ወይም ከጀርባው ብርሃን ሲኖር ጥቁር መስሎ ይታያል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ግን አካሉ ወይን ጠጅ፣ ራሱም ነሐስማ ሆኖ ያበራል። ስለዚህ «ጥቁር ወፍ» ብሎ ከመመዝገብ በፊት ፀሐይዋ በየት በኩል እንደነበረች መጠየቅ ግድ ይላል።

ምልክቶች የሚፈለጉባቸው ቦታዎች

መለያ ምልክት የሚባለው አንድን ዝርያ ከሚመስሉት ሌሎች ለመለየት የሚያበቃ፣ ከሩቅም ሊታይ የሚችል የላባ ወይም የአካል ገጽታ ነው። በቀድሞ ዘመን ተመራማሪዎች ወፉን ተኩሰው ጥለው በእጃቸው እየመረመሩ ስለሚለዩ፣ በዛፍ ላይ ለተቀመጠ ወፍ የሚያገለግል የመለያ ዘዴ ብዙም አላስፈለጋቸውም ነበር። አሜሪካዊው ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን በ1934 ባሳተመው መመሪያ የየዝርያውን ወሳኝ ምልክት በሥዕሉ ላይ በአጭር መስመር እያመለከተ በማሳየቱ፣ ማንም ሰው በመነጽር ብቻ ወፍን ሳይጎዳ እንዲለይ መንገዱን ጠረገ። የዛሬዎቹ የመስክ መመሪያዎች የሚከተሉት ይህንኑ ስልት ነው።

ምልክቶቹ የሚፈለጉት በአራት ዋና ዋና ቦታዎች ነው። የመጀመሪያው ራስ ነው። በዚህም ላይ አናትን፣ ከዓይን በላይ እንደ ቅንድብ የሚሰመረውን ነጣ ያለ መስመር፣ ዓይንን አቋርጦ የሚያልፈውን ጠቆር ያለ መስመር፣ ከምንቃር ሥር ወደ ጉሮሮ እንደ ጢም የሚወርደውን መስመርና ማጅራትን ለየብቻ መመልከት ያስፈልጋል። የተከዜ ጸሐይ ወፍ ሴቷ የወንዱ ብርቅርቅታ ፈጽሞ ባይኖራትም፣ ከዓይኗ በላይና ከጉንጯ በታች ያሉት ነጣ ያሉ መስመሮች ማንነቷን ለማወቅ ይረዳሉ። ሁለተኛው ክንፍ ነው። የክንፍ ላባዎች ረዣዥሞቹ የበረራ ላባዎችና የእነዚህን ሥር የሚሸፍኑት አጫጭር ላባዎች ተብለው ይከፈላሉ። የሸፋኞቹ ጫፍ ነጣ ያለ እንደሆነ ክንፉ ሲታጠፍ መስመር ይፈጥራል፤ ሲዘረጋ ደግሞ ወፉ ተቀምጦ ሳለ ያልታየ ነጭ ክፍል ሊገለጥ ይችላል። ሦስተኛው ከጀርባ ማብቂያ እስከ ጅራት መነሻ ያለው ወገብ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በክንፎቹ ስለሚሸፈን የሚታየው ወፉ ሲነሣ ነው። አራተኛው ጅራት ነው፤ ርዝመቱ፣ የጫፉ ቅርጽና በላዩ ያለው የቀለም አከፋፈል ይታያል።

የጅራትን ጥቅም ለመረዳት በበጋ ወራት ከሰሜን ተሰደው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡትን፣ ዊትኢር በመባል የሚታወቁትን ትንንሽ የሜዳ ወፎች መመልከት ይበቃል። ከእነዚህ ሁለቱ፣ ማለት የሰሜኑ ዊትኢርና ኢሳቤሊን ዊትኢር፣ በዚያ ወቅት አካላቸው አሸዋማ ቡላ ስለሚሆን ቆመው ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ። ሲበሩ ግን የሁለቱም ነጭ ጅራት ይገለጥና፣ ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር መቀነት በሰሜኑ ጠበብ ያለ፣ በኢሳቤሊኑ ደግሞ ሰፊና የጅራቱን ግማሽ ያህል የሚይዝ ሆኖ ይገኛል። ቀለሙ በሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ በስፋቱ ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ዝርያ

በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ ርግብ ተብለው በአንድነት የሚታዩት ወፎች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው። ባለ ነጭ አንገትጌው ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኝ ሲሆን፣ መላ አካሉ ዳለቻ፣ ማጅራቱ ግን በነጭ የተከበበ ነው፤ ሲበርም በክንፉ ላይ ነጭ ክፍል ይታያል። ሁለተኛው ጀርባው ሸክላማ፣ ክንፉ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ፣ የዓይኑም ዙሪያ ላባ የሌለበት ቀይ ቆዳ የሆነ ነው። ሦስተኛው የቤት ርግብ ሲሆን፣ ብዙ መልክ ቢኖረውም የቀድሞ አባቶቹን የመሰለው ዳለቻው በታጠፈው ክንፉ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት። አንደኛውን በማጅራቱ፣ ሁለተኛውን በዓይኑ ዙሪያ፣ ሦስተኛውን በክንፉ መስመር ማወቅ ስለሚቻል፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አይገኝም።

ቁራም እንዲሁ ነው። ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ሲሆን፣ ከጥቁር ላባው መካከል ከራሱ ኋላ ማጅራቱ ላይ ያረፈ ነጭ ጥፍጥፍ አለው፤ ግዙፉ ምንቃሩም ጫፉ ነጭ ነው። ሌላው የታወቀ ቁራ ነጩ በማጅራቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ደረቱንም ጭምር ይዞ እንደ ሰፊ መቀነት የሚዞረው ነው። በገደላማ ቦታዎች የሚያንዣብበው ሦስተኛው ቁራ ደግሞ ነጭ የሚባል ነገር የለውም፤ ጅራቱ እጅግ አጭር ስለሆነ ሲቀመጥ የክንፉ ጫፍ ከጅራቱ አልፎ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚታየው ቁም ነገር የምልክት አለመኖርም ምልክት መሆኑ፣ የአካል ቅርጽም ከላባ ቀለም እኩል የሚመሰክር መሆኑ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የጥንብ አንሳ ጉዳይ ነው። ከ1831 እስከ 1834 በኢትዮጵያ ተጉዞ ብዙ እንስሳትን ለሳይንስ ባስተዋወቀው ጀርመናዊ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የተሰየመው የሩፔል ጥንብ አንሳና ጀርባው ነጭ የሆነው ጥንብ አንሳ በአንድ በድን ላይ አብረው ይሰፍራሉ፤ ከሩቅ ላየ ሰው ሁለቱም ቡናማና ረጅም አንገት ያላቸው ናቸው። ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን ለአካለ መጠን የደረሰው የሩፔል ጥንብ አንሳ እያንዳንዱ የጀርባና የክንፍ ላባው በነጣ ያለ ጠርዝ ስለተከበበ ሰውነቱ የዓሣ ቅርፊት የለበሰ ይመስላል፤ ምንቃሩም ገርጣ ያለ ነው። ሌላው ያለ ቅርፊት ወጥ ቡናማ ሲሆን፣ ምንቃሩ ጥቁር፣ ዓይኑም ጥቁር ነው፤ ሲነሣ ወገቡ ነጭ ሆኖ ይገለጣል። በአየር ላይ ከታች ለሚመለከታቸው ደግሞ የነጭ ጀርባው የፊተኛው የክንፍ ውስጥ ገጽ በሰፊው ነጭ ነው፤ በሩፔሉ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን በክንፉ የፊት ጠርዝ አጠገብ የተሰመረ ቀጭን ነጭ መስመር ነው። ጫጩትነታቸውን በቅርቡ የጨረሱት የሁለቱም ወጣቶች ግን ነጩ ወገብም ገርጣው ምንቃርም ገና ስለሌላቸው፣ ልምድ ያለው ሰው እንኳ በእነርሱ ላይ ፈጥኖ አይፈርድም።

ይህ ልዩነት የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 ሁለቱንም ዝርያዎች፣ ከእነርሱም ጋር ባለ ቆቡንና ራሱ ነጭ የሆነውን ጥንብ አንሳ፣ ከመጥፋት አፋፍ ላይ በደረሱት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። «መቶ ጥንብ አንሳ ታየ» የሚል መዝገብ ከመቶው የትኛው ዝርያ ስንት እንደሆነ ካልተናገረ፣ አንዱ ዝርያ በሌላው ብዛት ተሸፍኖ ሲጠፋ ማንም አያውቅም።

አንድ ዝርያ፣ ብዙ መልክ

እስከ አሁን የተነገረው የተለያዩ ዝርያዎች ሲመሳሰሉ ነው፤ የዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ አንዱ ዝርያ ብዙ መልክ ይዞ የሚገኝበት ሁኔታም ከዚያ ባልተናነሰ ያስቸግራል። የዚህም ምክንያቶች ጾታ፣ ወቅት፣ ዕድሜ፣ የተፈጥሮ መልክ ልዩነትና ከውጭ የሚመጣ ቀለም ናቸው።

ጾታን በተመለከተ፣ ጅራቱ እጅግ አጭር በሆነው ባተለር በሚባለው ንስር ላይ ልዩነቱ በክንፍ ሥር ይነበባል። በሚበርበት ጊዜ ከታች ሲታይ የወንዱ ክንፍ የኋላ ጠርዝ በሰፊ ጥቁር የተያዘ ሲሆን፣ የሴቷ ግን ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ወቅትን በተመለከተ ደግሞ ቢጫ ቢሾፕ የሚባለው ትንሽ ጥሬ ለቃሚ ወፍ ይጠቀሳል። ወንዱ በመራቢያ ወቅቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ወገቡና ትከሻው ደማቅ ቢጫ ሆኖ ሣር ላይ ሲታይ ማንም አይስተውም። ወቅቱ ሲያልፍ ጥቁሩ ላባ ይረግፍና እንደ ሴቷ ዝንጉርጉር ቡናማ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ በመንጋ ውስጥ ከሚገኙት ከብዙ ዓይነት ቡናማ ወፎች ለይቶ ማውጣት የማይቻል ይመስላል። ነገር ግን ወገቡና ትከሻው ላይ ያለው ቢጫ በቦታው ይቆያልና፣ መንጋው ብር ሲል ወገቡን የተመለከተ ሰው ያገኘዋል።

ዕድሜም መልክን ይለውጣል። የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው ዝርያ በወጣትነቱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ ላባውን ደጋግሞ ከቀየረ ከዓመታት በኋላ ነጭ አካል፣ ጥቁር የበረራ ላባና ቢጫ ፊት ያለው ወፍ ይሆናል። ልጅና አባት አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ የአንድ ዘር አይመስሉም፤ የሚያስተባብራቸው ቀጭኑ ምንቃርና የሾጠጠው ጅራት ነው።

አንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ ያለ ጾታ፣ ያለ ወቅትና ያለ ዕድሜ ልዩነት ከተፈጥሯቸው ሁለት ዓይነት መልክ አላቸው። በደጋው የስልክ እንጨቶችና የባሕር ዛፍ ጫፎች ላይ ዘወትር የሚታየው አውጉር የሚባለው ጭልፊት አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ጥቁር ዳለቻ፣ ከሥር ነጭ ነው፤ አንዳንዱ ግን ከሥሩም ፍጹም ጥቁር ሆኖ ስለሚወለድ፣ የማያውቀው ሰው ሌላ ዝርያ ነው ብሎ ይመዘግበዋል። ሁለቱን የሚያስተሳስረው ለአካለ መጠን ሲደርሱ የሚኖራቸው፣ ሲዞሩ ፀሐይ የምታበራው ሸክላማ ቀይ ጅራት ነው። በሆዱ የሚፈርድ ሰው አንዱን ወፍ ሁለት ያደርጋል፤ በጅራቱ የሚፈርድ ግን አንድነቱን ያውቃል።

ከውጭ ለሚመጣ ቀለም በሰሜን ተራሮችና በመሰል ገደሎች የሚኖረው፣ አጥንት ከከፍታ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳ ምሳሌ ይሆናል። የደረቱና የሆዱ የዝገት መልክ የተፈጥሮው አይደለም፤ ወፉ ብረት ባለበት ጭቃና ውኃ ውስጥ ራሱን እየነከረ የሚያገኘው ነው። ይህን በማያገኝበት ቦታ ተይዞ የሚኖር ወፍ ደረቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ዝርያ ላይ የደረት ቀለም ምስክር ሊሆን አይችልም፤ የታመነው ምስክር ረጅምና ጫፉ የሾለ ጅራቱ ነው። እንዲሁም ከሜላኒን ጉድለት የተነሣ በማንኛውም ዝርያ ላይ ያልተለመደ ነጭ ላባ ብቅ ሊል ይችላል፤ እንዲህ ያለው ነጭ ብዙ ጊዜ በግራና በቀኝ እኩል ስለማይሆን፣ ሁለቱን ጎን ማነጻጸር ከስሕተት ያድናል።

አንዲት ክንፍ የመሰከረችው

የምልክትን ቦታ ማንበብ እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስ ለማወቅ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ1990 ለጥናት በፓርኩ የነበሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ከሞተ ወፍ የተረፈች አንዲት ክንፍ አገኙ። ወፉ ቀን ቀን መሬት ላይ ተጋድሞ ከቅጠልና ከአፈር ጋር ከሚመሳሰሉት፣ በሌሊት ነፍሳት ከሚያድኑት ናይትጃር ከሚባሉት ወፎች ወገን ነበር። በዚህ ወገን ውስጥ ያሉት ዝርያዎች በቡራቡሬ ላባቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ከመለያዎቻቸው ዋናው በበረራ ላባቸው ላይ ያለው ነጣ ያለ ጥፍጥፍ መጠንና ቦታ ነው። የተገኘችው ክንፍ ከታወቁት ዝርያዎች ሁሉ ጋር ተነጻጽራ ከአንዱም ጋር ስላልገጠመች፣ በ1995 የነጭ ሳር ናይትጃር ተብሎ የሚጠራ አዲስ ዝርያ በዚያች ክንፍ ምስክርነት ብቻ ለሳይንስ ተመዘገበ።

በደቡብ የሚኖሩት ሁለት ቱራኮዎች ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ የሚባለውና በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ወፍ፣ ሰብሳቢው ጣሊያናዊ ሩስፖሊ በ1893 በዝሆን ተገድሎ ስለ ሞተና የተገኘበትን ቦታ የሚገልጽ ማስታወሻ ስላልተገኘ፣ መኖሪያው ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆይቷል። ይህ ወፍና ጉንጩ ነጭ የሆነው ቱራኮ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ሁለቱም ሲበሩ ቀይ ክንፍ ያሳያሉ። በቀዩ ክንፍ የተደነቀ ሰው ሊለያቸው አይችልም። ራሳቸውን የተመለከተ ግን የአንደኛው ጉትዬ ነጣ ያለ፣ የሁለተኛው ጉትዬ ጠቆር ያለና ነጩ በጉንጩ ላይ ያረፈ መሆኑን ያያል። ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ እየተዳቀሉ ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት በትክክል መመዝገብ ለሩስፖሊው ቱራኮ ህልውና ክትትል አስፈላጊ ነው።

የምልከታ ሥርዓት

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። በመጀመሪያ የወፉ መጠን ከታወቀ ወፍ፣ ማለትም ከድንቢጥ፣ ከርግብ ወይም ከቁራ ጋር ይነጻጸራል፤ የምንቃሩና የጅራቱ ቅርጽም ይታያል። ቀጥሎ ከራስ ተነሥቶ በክንፍና በወገብ በኩል እስከ ጅራት ድረስ ምልክቶቹ በየቦታቸው ይታያሉ፤ ወፉ ሊነሣ ሲል ዓይንን ከወገቡና ከጅራቱ ላይ አለማንሣት ይጠቅማል። የታየውም ሁሉ መጽሐፍ ከመገለጡ በፊት፣ ቀን፣ ቦታና የብርሃኑ አቅጣጫ ተጨምሮበት በማስታወሻ ይጻፋል፤ ሥዕል የማይችል ሰው እንኳ የእንቁላል ቅርጽ ስሎ ነጩና ጥቁሩ ያረፈበትን ሊያመለክት ይችላል። መጽሐፉን አስቀድሞ የገለጠ ሰው ያላየውን ምልክት ያየ እየመሰለው ይሳሳታልና፣ ይህ ቅደም ተከተል ሊፋለስ አይገባም። በጎጆው አጠገብ ያለን ወፍ ደግሞ ለማየት ሲባል ማስደንገጥ እንቁላሉን ወይም ጫጩቱን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ፣ ከሩቅ ማየት የማይቻል ከሆነ መተው ይገባል።

እርግጠኛ ያልተሆነበትን ወፍ «ዝርያው ያልታወቀ» ብሎ መመዝገብ ነውር አይደለም፤ የተሳሳተ ስም የያዘ መዝገብ ግን ከባዶ ገጽ የከፋ ጉዳት አለው፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የሚወሰን የጥበቃ ውሳኔ ይሳሳታልና። ኢትዮጵያ ወፎቿን ቆጥረው የሚጨርሱ በቂ ባለሙያዎች እስኪኖሯት መጠበቅ አይቻልም፤ ከ1966 ጀምሮ የቆየው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ሆነ መሰል ተቋማት ሥራቸው የሚጠነክረው በየአካባቢው አስተውሎ የሚመዘግብ ሕዝብ ሲኖር ነው። ስለዚህ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር በትምህርት ቤታቸው ጣሪያ ላይ ካሉት ርግቦች፣ በቄራ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎችም ከላያቸው ከሚዞሩት ጥንብ አንሳዎች ይጀምሩ፤ ያዩትን ከነቀኑና ከነቦታው ይጻፉ፤ የጻፉትንም ለሚመለከተው ያድርሱ።